ትንሽ ሆኖ የተወለደና ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን፤ ልዩነታቸው በደም እንዴት ይታወቃል?

በአንድ ጤና ጣቢያ በአንድ ቀን ሁለት ሕፃናት ተወለዱ እንበል። ሁለቱም በሚዛን ላይ ሲቀመጡ 2,000 ግራም ይመዝናሉ። በመዝገቡም ላይ ሁለቱ «ክብደታቸው ያነሰ» ተብለው በአንድ ዓምድ ሥር ይጻፋሉ። ነገር ግን አንደኛው በእናቱ ማኅፀን ዘጠኝ ወሩን ሙሉ ተቀምጦ ምግብ ያጠረው ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ እንደ ዕድሜው በሚገባ ሲያድግ ቆይቶ ከጊዜው ሰባት ሳምንት ያህል ቀድሞ የወጣ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሳንባው በስሏል፤ ጡት መሳብም ያውቃል፤ የሚያሰጋው በጉበቱ ውስጥ ያስቀመጠው ስንቅ አነስተኛ መሆኑ ነው። የሁለተኛው ችግር ግን የሰውነቱ ክፍሎች ሥራቸውን ለመጀመር ገና አለመድረሳቸው ነው፤ ሳንባው አልዘረጋ ሊለው፣ መጥባት ሊያቅተው፣ ሙቀቱንም መጠበቅ ሊሳነው ይችላል።

ሚዛን ይህንን ልዩነት አይናገርም። ይሁን እንጂ የሕፃኑ ደም፣ ሲወለድ የነበረበት የእንሽርት ውሃና የእትብቱ ደም ብዙ የሚናገሩት ነገር አለ። በእነዚህ ውስጥ የሚገኙና የጽንሱን እድገትና ብስለት የሚያመለክቱ ንጥረ ነገሮች ባዮኬሚካዊ ምልክቶች ይባላሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምልክቶቹ ምን እንደሆኑና እንዴት እንደሚሠሩ፣ እንዲሁም ድርቅና የሕዝብ መፈናቀል በሚደርስበት ጊዜ እናቶችንና ሕፃናትን ለሚረዱ ሠራተኞች ምን ትምህርት እንደሚሰጡ በአጭሩ ለማብራራት ነው።

ክብደትና ዕድሜ ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው

ለብዙ ዘመን በሕክምናው ዓለም ትንሽ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ቀኑ ሳይደርስ እንደተወለደ ይቆጠር ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት በተቋቋመበት በ1948 እ.ኤ.አ.፣ ሲወለድ 2,500 ግራም ወይም ከዚያ በታች የሚመዝን ሕፃን «ያለ ጊዜው የተወለደ» ተብሎ እንዲመዘገብ ተወስኖ ነበር። ቆይቶ ግን ከእነዚህ ሕፃናት መካከል ብዙዎቹ ጊዜያቸውን ጨርሰው የተወለዱ መሆናቸው ስለተረጋገጠ፣ በ1961 እ.ኤ.አ. የድርጅቱ የባለሙያዎች ኮሚቴ ክብደትን የሚመለከተው መጠሪያ «ዝቅተኛ የልደት ክብደት» እንዲባል አደረገ። ያለ ጊዜ መወለድ የሚለው ቃል ደግሞ 37 ሳምንት ወይም 259 ቀን ሳይሞላቸው ለሚወለዱት ብቻ እንዲውል ሆነ።

ከዚህ በኋላ ክብደትንና ዕድሜን አጣምሮ ማየት ተጀመረ። በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ ትሠራ የነበረችው የሕፃናት ሐኪም ሉላ ሉብቼንኮ፣ ከ5,000 በላይ የሆኑ ሕፃናትን ልደት መርምራ በየሳምንቱ ዕድሜ የሚጠበቀውን ክብደት የሚያሳይ ሠንጠረዥ በ1963 እ.ኤ.አ. አሳተመች። በእንደዚህ ያለው ሠንጠረዥ መሠረት፣ በዕድሜ ከሚመስሉት መቶ ሕፃናት መካከል በክብደት ከመጨረሻዎቹ አሥር ውስጥ የሚወድቀው «ለዕድሜው ያነሰ» ይባላል። የዴንቨር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ የሠንጠረዡ ክብደቶች በቆላ አገር ከተሠሩት ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የልደት ክብደት በአማካይ 100 ግራም ያህል ስለሚቀንስ፣ ደጋና ቆላ ለተቀራረቡባት እንደ ኢትዮጵያ ላለች አገር ይህ ነጥብ ተገቢው ግምት ሊሰጠው ይገባል።

ዕድሜን ለማወቅ ግን ቀን መቁጠር ያስፈልጋል። ሐኪሞች ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን አንሥተው 280 ቀን ይቆጥራሉ። በአገራችን ልማድ እርግዝና ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው ይባላል፤ ይኸውም ባለ ሠላሳ ቀኑን ወር ዘጠኝ ጊዜ ቆጥሮ አምስት ሲጨመርበት 275 ቀን ነው። ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ጳጉሜንን ጨምሮ የሚቆጠረውም ይኸው ነው። ሁለቱ አቆጣጠሮች ተቀራራቢዎች ቢሆኑም፣ ሁለቱም እናት ወሯን በትክክል ስታውቅ ብቻ ነው የሚያገለግሉት።

በረሃብ ጊዜ ትልቁ እንቅፋት የሚመጣው በዚህ ላይ ነው። ሰውነቷ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሴት የወር አበባዋ ይዛባል ወይም ፈጽሞ ይቋረጣል። ሕፃን የምታጠባ እናትም ወር አበባ ሳታይ ልትፀንስ ትችላለች። ከቀዬዋ ተፈናቅላ ብዙ ቀን በእግሯ የተጓዘች እናት ደግሞ ወር መባቻውንና በዓሉን እየጠቀሰች ትቆጥረው የነበረው ጊዜ ሊምታታባት ይችላል። ስለዚህ የዕድሜ ማወቂያው ከእናት ቃል በተጨማሪ ከሕፃኑ ከራሱ እንዲገኝ ማድረግ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል።

ረሃብ በጽንስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ረሃብ ጽንስን እንዴት እንደሚጎዳ በሚገባ ተመዝግቦ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ ኔዘርላንድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ ከ1944 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. በነበረው ክረምት በጀርመን ጦር ሥር የቀረው የአገሪቱ ምዕራባዊ ክፍል የምግብ አቅርቦት ተቋርጦበት ነበር። ለአንድ አዋቂ ሰው የሚታደለው ራሽን በቀን ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ። አዋላጆችና ሆስፒታሎች በዚያ ሁሉ መከራ መካከል የልደት መዝገባቸውን አላቋረጡም ነበርና፣ በኋላ የተደረገው ጥናት በእርግዝናቸው የመጨረሻ ወራት የተራቡ እናቶች የወለዷቸው ሕፃናት ክብደት 300 ግራም ያህል መቀነሱን አሳየ። የእርግዝናው ርዝመት ግን እምብዛም አልተለወጠም። በሌላ አነጋገር፣ አብዛኞቹ ሕፃናት ጊዜያቸውን ጠብቀው፣ ነገር ግን ከስተው ተወለዱ። በግንቦት ወር 1945 እ.ኤ.አ. አገሪቱ ነፃ ወጥታ ምግብ እንደገባ የልደት ክብደት ወዲያው ማንሠራራት ጀመረ።

በሌኒንግራድ ከተማ የደረሰው ከዚህ የከፋ ነበር። ከተማይቱ በተከበበችበት በ1942 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ወራት የተወለዱት ሕፃናት አማካይ ክብደት ከ500 ግራም በላይ ቀነሰ። በዚያ ረሃብ ብቻ ሳይሆን ከባድ ብርድ፣ ድካምና ጭንቀት ተደራርቦ ስለነበር ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱትና ሞተው የሚወለዱት ሕፃናት ቁጥርም በእጅጉ ጨመረ። ከሁለቱ ታሪኮች የምንረዳው፣ የምግብ እጥረት በመጀመሪያ እድገትን እንደሚያቀጭጭ፣ መከራው ሲበረታ ደግሞ እርግዝናን ራሱን እንደሚያሳጥር ነው።

ከዚህም ሌላ፣ የልደት ክብደት ጉዳቱን ሁሉ የማያሳይበት ጊዜ አለ። በኔዘርላንድ ረሃብ በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ደርሶባቸው ኋላ እናቶቻቸው በቂ ምግብ ያገኙላቸው ሕፃናት በመደበኛ ክብደት ተወልደው ነበር። ሆኖም ስድሳ ዓመት ካለፈ በኋላ በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ እድገትን ከሚቆጣጠሩት የዘር ቅንጣቶች በአንዱ ላይ በረሃቡ ወቅት የተጣለ ኬሚካዊ ምልክት በደማቸው ውስጥ ተገኝቷል።

የብስለት ምልክቶች

ብስለት ማለት የሰውነት ክፍሎች ከማኅፀን ውጭ ለመሥራት መድረሳቸው ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የሳንባ ብስለት ነው። የሳንባ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጣቸው እርጥብ ስለሆነ፣ አየር ሲወጣ ተጣብቀው እንዳይቀሩ ሰርፋክታንት የሚባል እንደ ሳሙና የሚያለሰልስ ቅባት ያስፈልጋቸዋል። ይህ ቅባት በሌለበት ሕፃኑ እያቃሰተና ደረቱ ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ ይተነፍሳል። የዚህ ሕመም መንስኤ የሰርፋክታንት እጥረት መሆኑን አሜሪካውያኑ ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄሬ ሚድ በ1959 እ.ኤ.አ. አስታወቁ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በነሐሴ ወር 1963 እ.ኤ.አ. ከጊዜው ቀድሞ ተወልዶ በሁለተኛው ቀን የሞተው በዚሁ ሕመም ነበር፤ በዘመኑ የነበረ ሀብትና ሥልጣን ሁሉ ሊያድነው አልቻለም።

ሰርፋክታንት ከሳንባ ወደ እንሽርት ውሃ ስለሚፈስ በዚያ ሊለካ ይችላል። ሉዊስ ግሉክ የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ ሌሲቲን የተባለው ቅባት በ35ኛው ሳምንት አካባቢ በፍጥነት ሲጨምር ስፊንጎማየሊን የተባለው ግን እንደማይጨምር አሳዩ። ሌሲቲኑ የስፊንጎማየሊኑ ሁለት እጥፍ ሲሆን ሳንባው በአብዛኛው በስሏል ማለት ነው። በዓመቱ ደግሞ ጆን ክሌመንትስና ባልደረቦቹ ብዙ መሣሪያ የማይጠይቅ ዘዴ አቀረቡ። የእንሽርት ውሃ ከአልኮል ጋር በትንሽ ብልቃጥ ተቀላቅሎ ለ15 ሴኮንድ ይናጣል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ አረፋው በብልቃጡ ዙሪያ ሳይጠፋ ከቆየ ሰርፋክታንት አለ ይባላል። ሕፃኑ የእንሽርት ውሃ ውጦ ስለሚወለድ፣ ወዲያው ከሆዱ በቀጭን ቱቦ በተቀዳ ፈሳሽም ይኸው ምርመራ ተሠርቷል። በአልትራሳውንድ ዕድሜን አስቀድሞ ማወቅ በተስፋፋባቸው አገሮች እነዚህ ምርመራዎች ዛሬ እምብዛም አይሠሩም፤ የሳንባን ብስለት ከዕድሜ ጋር ያስተሳሰሩት ግን እነርሱ ናቸው።

ሁለተኛው የብስለት ምልክት በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ነው። ጽንስ ከእናቱ ደም ኦክስጅንን አጥብቆ ለመሳብ የሚያስችለው የራሱ ዓይነት ሄሞግሎቢን አለው። እስከ 32ኛው ሳምንት ድረስ ከሄሞግሎቢኑ 90 በመቶ ያህሉ የዚህ ዓይነት ሲሆን፣ ጊዜው ሲደርስ ከ60 እስከ 80 በመቶ ይሆናል፤ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻም ወደ ጥቂት በመቶ ይወርዳል። ይህ ለውጥ የሚከተለው ከጽንሰት ጀምሮ የተቆጠረውን ዕድሜ እንጂ የልደትን ቀን አይደለም። ሕፃኑ ቀድሞ በመወለዱ ለውጡ አይፈጥንም፤ ስለዚህ ደሙ እውነተኛውን ዕድሜ እንደያዘ ይቆያል። ይሁን እንጂ በማኅፀን ውስጥ የኦክስጅን እጥረት የነበረበት ሕፃን ከዕድሜው ከፍ ያለ መጠን ሊያሳይ ይችላል። ደም ከተሰጠው በኋላ የሚደረግ ምርመራም የሕፃኑን ሳይሆን የለጋሹን ሄሞግሎቢን ጭምር ስለሚለካ ያሳስታል።

ሌሎችም ምልክቶች አሉ። አልፋ ፌቶፕሮቲን የተባለው የጽንስ ፕሮቲን ልደት በተቃረበ ቁጥር እየቀነሰ ሲሄድ አልቡሚን ግን ይጨምራል። በእንሽርት ውሃ ውስጥ ያለው ክሬያቲኒን የኩላሊትንና የጡንቻን ብስለት ተከትሎ ከፍ ይላል። የጉበትም አለመብሰል በቢሊሩቢን ይታወቃል። ይህንን ቢጫ ንጥረ ነገር የሚያስወግደው የጉበት ኤንዛይም በተወለደ ሕፃን ላይ ያለው ኃይል ከአዋቂ ሰው 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሕፃናት በመጀመሪያው ሳምንት ዓይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ ይሆናል፤ ቀኑ ሳይደርስ በተወለደው ላይ ግን ይህ ይበረታል፣ ይቆያልም፤ አንጎልንም እስከ መጉዳት ሊደርስ ይችላል።

የእድገት ምልክቶች

እድገት ማለት ደግሞ ጽንሱ ከእናቱ በእንግዴ ልጅ በኩል ያገኘውን ምግብ ወደ ሥጋና አጥንት መለወጡ ነው። ይህንን ሥራ ከሚመሩት ዋነኛው ኢንሱሊን ነው። የእናት ኢንሱሊን ወደ ጽንሱ ስለማያልፍ፣ በእትብት ደም ውስጥ የሚገኘው የሕፃኑ የራሱ ነው። የስኳር ሕመም ያለባት እናት ልጅ ብዙ ስኳር ስለሚደርሰው ኢንሱሊኑ በዝቶ ትልቅ ሆኖ ይወለዳል። ነገር ግን ሳንባው ከክብደቱ ጋር እኩል ላይበስል ይችላል። ይህ ምሳሌ ክብደት የብስለት ማስረጃ አለመሆኑን ከተቃራኒው ወገን ያሳያል።

ከኢንሱሊን ጋር የሚዛመዱ ሁለት የእድገት ሆርሞኖችም አሉ፤ እነርሱም ኢንሱሊን መሰል የእድገት ንጥረ ነገር አንድና ሁለት ይባላሉ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከሁለቱ አንዱ የጎደለው ግልገል ከመደበኛው ክብደት 60 በመቶ ያህል ብቻ ይዞ ተወልዷል። በሰው ልጅም የመጀመሪያው መጠን ለዕድሜያቸው ባነሱ ሕፃናት የእትብት ደም ውስጥ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

ስለ ስንቁ የሚናገረው የደም ስኳር ነው። ጽንስ በእርግዝና የመጨረሻ ሳምንታት በጉበቱ ውስጥ ግላይኮጅን የተባለ የስታርች ዓይነት ያከማቻል። ይህ ክምችት እትብቱ ከተቆረጠበት ሰዓት አንሥቶ ወተት በደንብ እስኪመጣ ድረስ የሚበላው ስንቁ ነው። በማኅፀን የተራበ ሕፃን ይህንን ስንቅ ሳይሞላ ስለሚወለድ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት የደሙ ስኳር ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ መዛል፣ ከዚያም መንፈራገጥ ሊከተል ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምንም ምልክት ሳያሳይ ጉዳቱ ይደርሳል። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደውም ስንቁን ለማከማቸት ጊዜ ስላላገኘ ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም።

የመጨረሻው ኤሪትሮፖይቲን የተባለው ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን ኦክስጅን ሲያጥር ቀይ የደም ሕዋስ እንዲበዛ ያዛል። ከእናት ወደ ጽንስ ስለማያልፍም፣ በእትብት ደም ውስጥ በዝቶ መገኘቱ ሕፃኑ ራሱ በማኅፀን ሳለ ኦክስጅን አጥሮት እንደነበረ ያመለክታል።

ከተረከዝ የሚወሰድ የደም ጠብታ

ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት ምርመራዎች አብዛኞቹ የተሟላ ላቦራቶሪ ይጠይቃሉ። ይሁን እንጂ ሮበርት ጋትሪ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ፣ ከሕፃን ተረከዝ የተወሰደ ጥቂት ደም በማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ በፖስታ ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ ሊላክ እንደሚችል አስተማረ። ዓላማው በውርስ የሚመጡ በሽታዎችን አስቀድሞ ማወቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ በዚህ መንገድ ይመረመራሉ።

በ2016 እ.ኤ.አ. በካናዳ የኦንታሪዮ፣ በአሜሪካ ደግሞ የአይዋና የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች በየበኩላቸው አንድ አዲስ ነገር አሳዩ። በእነዚህ ደረቅ የደም ጠብታዎች ውስጥ ያሉት አሚኖ አሲዶች፣ የቅባት ተረፈ ምርቶችና ሆርሞኖች በአንድነት ሲታዩ የሕፃኑን የእርግዝና ዕድሜ በአማካይ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በሚደርስ ልዩነት ለመገመት ያስችላሉ። የጽንስ ሄሞግሎቢን ሲታከልበት ግምቱ ይጠራል። ዘዴው በባንግላዴሽ በማትላብ ወረዳ በተወለዱ ሕፃናት ላይ ተፈትኖ ተስፋ የሚሰጥ ውጤት አስገኝቷል። ሆኖም ለዕድሜያቸው ባነሱት ሕፃናት ላይ ግምቱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚሳሳት ስለሆነ፣ የአንድን ሕፃን ሕክምና ለመወሰን ሳይሆን በአንድ አካባቢ ስንቱ ያለ ጊዜው እንደተወለደ ለማወቅ ይበልጥ ያገለግላል።

ዕድሜን አለማወቅ የሚያስከትለው አደጋ

ይህ ሁሉ ጥናት ለሳይንስ ብቻ የሚጠቅም ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የሰው ሕይወት የተመሠረተበት ጉዳይ ነው። በኒውዚላንድ ግራሃም ሊጊንስና ሮስ ሃዊ ቀናቸው ሳይደርስ ምጥ ለያዛቸው እናቶች ኮርቲኮስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት በመርፌ ሲሰጥ የጽንሱ ሳንባ ፈጥኖ እንደሚበስል በ1972 እ.ኤ.አ. አስታወቁ። በ282 እናቶች ላይ ባደረጉት ሙከራ የመተንፈስ ችግር የደረሰባቸው ሕፃናት ከ25.8 በመቶ ወደ 9 በመቶ ወርደው ነበር።

ይህንኑ መድኃኒት በስድስት ታዳጊ አገሮች ገጠሮች ለማዳረስ የተደረገውና 100,000 ያህል ልደቶችን ያካተተው ሙከራ ውጤት በ2015 እ.ኤ.አ. ሲታተም ግን ያልተጠበቀ ነገር ታየ። በጠቅላላው የጨቅላ ሕፃናት ሞት ቀነሰ ሳይሆን ጨመረ። በብዙ ቦታ የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል ስላልታወቀ፣ መድኃኒቱ ጊዜያቸው ለደረሰ ብዙ እናቶችም ተሰጥቶ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመው ሌላ ሙከራ በባንግላዴሽ፣ በህንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን ሆስፒታሎች ዕድሜው በአልትራሳውንድ ተረጋግጦ ተገቢው እንክብካቤ ላለበት ቦታ ብቻ ሲሰጥ የሕፃናቱ ሞት ከ23.5 በመቶ ወደ 19.6 በመቶ ዝቅ አለ። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ውጤቱን ከለያዩት ዋና ምክንያቶች አንዱ ዕድሜን በትክክል ማወቅ ነው።

በኢትዮጵያም ከ2016 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በአምስት ሆስፒታሎች፣ ማለትም በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በጋንዲ መታሰቢያ፣ በጎንደርና በጅማ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ጥናት ተደርጓል። ከሞቱት 1,109 ሕፃናት መካከል 45 በመቶው የሞቱት ባልበሰለ ሳንባ ምክንያት ነበር፤ ከዚያ ቀጥሎ የመጡት ኢንፌክሽንና ሲወለዱ መታፈን ናቸው።

ላቦራቶሪ በሌለበት ምን ይደረጋል?

የደም ምርመራ በማይደረስበት ቦታ የሕፃኑ ገላ ራሱ ሊነበብ ይችላል። ሊሊና ቪክቶር ዱቦዊትዝ በ1970 እ.ኤ.አ. 21 ምልክቶች ያሉት የነጥብ አሰጣጥ ዘዴ አወጡ፤ ጂን ባላርድ በ1979 እ.ኤ.አ. ወደ 12 አሳጠረችው። ቀኑ የደረሰ ሕፃን የእግሩ መዳፍ በሙሉ የተሰነጣጠሩ መስመሮች አሉት፤ ጆሮው ታጥፎ ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ ይመለሳል፤ የጡቱ እብጠት በጣት ይዳሰሳል፤ እጅና እግሩን ሰብስቦ ይተኛል። ቀኑ ያልደረሰው ቆዳው ስስና ቀይ፣ የእግሩ መዳፍ ልሙጥ፣ ጆሮው ለስላሳ፣ እጅና እግሩም የተዘረጋ ነው። ማኅፀን ውስጥ የተራበው ደግሞ ቆዳው ደርቆ ሊላጥ፣ ጭኑና ቂጡ ሊሸበሸብ ይችላል፤ ጭንቅላቱ ከገላው ጋር ሲመዛዘን ትልቅ ይመስላል፤ ዓይኑ ግን ንቁ ነው። እነዚህ ምልክቶች ዕድሜን በሁለት ሳምንት ያህል ልዩነት ለመገመት ይረዳሉ።

ልዩነቱ ከታወቀ በኋላ እንክብካቤው ይለያያል። ለዕድሜው ያነሰው ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝና ቢያንስ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ መጥባት አለበት፤ ተኝቷል ተብሎ ሳይጠባ መተው የለበትም። ከ34ኛው ሳምንት በፊት የተወለደው ግን መሳብ፣ መዋጥና መተንፈስን ማስተባበር ብዙውን ጊዜ ስለማይችል፣ የታለበ የእናት ጡት ወተት በንጹሕ ጽዋ ወይም በቱቦ ሊሰጠው ይገባል። ሲያቃስት ወይም ደረቱ ሲሰረጎድ ከታየም ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። ሁለቱንም የሚያስፈልጋቸው ሙቀት ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. የማሞቂያ ሣጥን ባጠረበት በኮሎምቢያ በቦጎታ ከተማ የተጀመረው ዘዴ፣ ሕፃኑን ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ በጨርቅ ማሰር፣ ዛሬ የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ነው። ወጪው ጥቂት ጨርቅ ብቻ ነው።

ለእርዳታ ሥራ የሚሰጠው ትምህርት

ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት የሚደረገው እርዳታ ከሁሉ ይቀድማል። በጋምቢያ ገጠር ለነፍሰ ጡሮች ከኦቾሎኒ የተሠራ ጉልበት ሰጪ ብስኩት ሲታደል፣ የልደት ክብደት በዓመቱ በአማካይ በ136 ግራም፣ በክረምቱ የረሃብ ወራት ደግሞ በ201 ግራም መጨመሩ በ1997 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተረጋግጧል፤ ሞተው የሚወለዱትም ሕፃናት ቀንሰዋል። ስለዚህ ራሽን በሚታደልበት ጊዜ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢ እናቶች ተለይተው ተጨማሪ አልሚ ምግብ እንዲያገኙ ማድረግ ለሕፃኑ የሚሰጥ የመጀመሪያ ሕክምና ነው።

ሰፈራን በሚመለከትም ሊዘነጋ የማይገባ ነገር አለ። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሰዎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወስደው ነበር፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ደገኞች ሲሆኑ የሰፈሩባቸው ብዙ ቦታዎች የወባ አገር ነበሩ። ወባን ያልለመደች ነፍሰ ጡር በበሽታው ስትያዝ ሕመሙ ይጠናባታል። የወባው ተውሳክ በእንግዴ ልጅ ውስጥ ስለሚጠራቀም ወደ ጽንሱ የሚያልፈው ምግብ ይቀንሳል፤ ትኩሳቱም ምጥን ሊያስከትል ይችላል። ወባ እድገትንም ዕድሜንም በአንድ ጊዜ የሚያጎድል ስለሆነ፣ ሕዝብ ከደጋ ወደ ቆላ በሚዛወርበት ጊዜ ሁሉ አጎበርና ፈጣን ሕክምና ለነፍሰ ጡሮች ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል።

በመጨረሻም በየጣቢያው ያለ ሠራተኛ ሁሉ ሊፈጽመው የሚችል ሥራ አለ። ነፍሰ ጡር እናት ስትመዘገብ የመጨረሻ የወር አበባዋ ቀን፣ ካላወቀችውም በቅርቡ ካለ በዓል ወይም ከእርሻ ወቅት ጋር ተያይዞ እንዲጻፍ ይደረግ። የወር አበባዋ ቀደም ሲል ተቋርጦ ከነበረም ይህ ይመዝገብ። ሕፃኑ ሲወለድ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ሳምንቱ ወይም የገላው ምልክት ከጎኑ ይስፈር። በኔዘርላንድ በረሃቡ ወቅት መዝገባቸውን ሳያቋርጡ የጻፉ አዋላጆች ሥራ ረሃብ ጽንስን እንዴት እንደሚጎዳ ዓለም እንዲያውቅ አስችሏል። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድነት ሲገኙ፣ 2,000 ግራም ከመዘኑት ሁለት ሕፃናት መካከል የትኛው ቶሎ መጥባት፣ የትኛው ደግሞ ቶሎ ወደ ሆስፒታል መሄድ እንዳለበት በዚያው ሰዓት ለመለየት ይቻላል።